በየማለዳው የምጠራው ስም

ግራ እጄ ላይ ያሉት ጣቶች ሦስት ናቸው። የማያውቀኝ ሰው ጦርነቱ የወሰደብኝ ይመስለውና ከንፈሩን ይመጥጥልኛል፤ እኔም ማስረዳቱ ስለሚሰለቸኝ ዝም እላለሁ። ዛሬ ግን ልናገረው። ሁለቱን ጣቶቼን ያሳጣኝ የገዛ አጎቴ ልጅ ነው። ያሳጣኝም ወንድሜን የገደለውን ሰው ሊገድል ሲል ነው። እኔስ እዚያ ምን ልሠራ ሄጄ ነበር? ያንኑ ሰው ልገድል።

ደሳለኝ እባላለሁ። አገሬ ላስታ ነው፤ ከሙጃ ወዲህ፣ የአሸተን ማርያም ተራራ ከሩቅ የሚታይበት ቀበሌ። በልጅነቴ ላሊበላ ወርጄ የቆሎ ተማሪ ሆኜ ዳዊት ደግሜ ዲቁና ተቀብያለሁ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቼ ወደ እርሻ ተመለስሁ፤ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ከአስማረ ጋር ገብስና ነጭ ሽንኩርት እያመረትን እንኖር ነበር። ቁጡ ሰው ነኝ። ስቆጣ ጆሮዬ ይቀላል። አስማረ ይህን እያየ "ጋሼ፣ ጆሮህ ነዷል፤ ውሃ ላምጣልህ?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ቤታችን ሃይማኖት የጠበቀ ቤት ነበር፤ ለእኛ እንደዚያ ነበር የሚመስለን። ዳዊቴ በማኅደሩ ሆኖ ከአንገቴ አይወርድም። ማለዳ ማለዳ በግእዝ እደግማለሁ፤ ከንፈሬ ይሮጣል፣ ልቤ ግን ስለ በሬዎቹ ያስባል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም አለን። እናቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ትራሷ ሥር ታኖረዋለች። ሰው ሲታመም ራሱ ላይ እናደርገዋለን፣ ስንምል እንስመዋለን፣ አራስ ቤት ሲሆን ከሕፃኑ ራስጌ እናስቀምጠዋለን። ሲነበብ ግን አይቼ አላውቅም።

አስማረን የገደለው ጌጡ የሚባል የመስኖ ጎረቤታችን ነው። እኛ ዘንድ የውሃ ተራ የሚለየው በጥላ ነው፤ የገደሉ ጥላ ቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ ውሃው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይዞራል። ያን ቀን ደመና ነበርና ጥላ የለም። እኔ ከላይ እርከኑ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ።

"ተራዬ ደርሷል፣ ልቀቅ" አለ ጌጡ።

"ምኑን አይተህ ነው ደርሷል የምትለው? ፀሐይ የት አለች?" አለ አስማረ እየሳቀ።

ሳቁ ይመስለኛል ያናደደው። ጌጡ በእጁ የያዘውን ዶማ አነሣና በዶማው ጀርባ አስማረ ራስ ላይ አሳረፈበት። የወንድሜ የራስ ቅል ሲሰበር እርከኑ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ቦዩ ውስጥ በአፍጢሙ ወደቀ፤ ወደ ሽንኩርታችን የሚወርደው ውሃ ቀላ። ስደርስ ጌጡ ዶማውን ጥሎ እንደ ሞኝ ቆሞ እጆቹን ያያል። ቀና ብሎ ሲያየኝ እግሬ አውጪኝ አለ። አስማረን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ሙጃ ጤና ጣቢያ ስንገሰግስ ከአፉ የሚወጣው አረፋና ደም ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ገና ዳገቱን ሳንጨርስ ትንፋሹ ቆመ።

ጊዜው ጦርነቱ አገሩን ይዞት ፖሊስ ጣቢያውም ፍርድ ቤቱም የተዘጋበት ነበር። ማን ይያዘው፣ ማን ይፍረድበት? ጌጡ ወደ ቆላ ወርዶ ጠፋ። እናቴ አስማረ ለብሶት የሞተውን ጋቢ ከነደሙ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

"ይኼ ጋቢ የሚታጠበው የዚያ ሰው ደም ሲፈስ ነው። እስከዚያ እንዳትነካው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤት በገባሁ ቁጥር የሚቀበለኝ ያ ጋቢ ሆነ። ለቅሶ ቤት ስሄድ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ ወንድሙን ሜዳ ላይ ጥሎ እያረሰ ስለሚበላ ሰው ያነሣሉ። ማንን እንደሚሉ ሁሉም ያውቃል፤ ጆሮዬ ይነዳል። ክላሽ ገዛሁ። ጌጡ አልገኝ ሲለኝ ደግሞ በሌላ መሣሪያ ጀመርሁ። ዳዊት የተማረ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ጠላት የሚረገምበት መዝሙር አለ፣ አንዳንዱ የጠላቱን ስመ ክርስትና መሀሉ ላይ እያስገባ ይደግመዋል። የጌጡ ስመ ክርስትና ወልደ ገብርኤል ነው፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያደግን ስለሆንን አውቀዋለሁ። ሽንኩርቱ ማሳ ጫፍ ላይ ቆሜ በየማለዳው "ወልደ ገብርኤል" እያልሁ ረገምሁት። ክላሹን የማነጣጥርበት ሰው ባጣ እግዜርን አነጣጠርሁበት። ይህንንም እንደ ጸሎት ነበር የምቆጥረው።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ገብስ በሚታጨድበት ወር፣ የአጎቴ ልጅ ሙሉጌታ ማለዳ ደወለልኝ። ሙሉጌታ ከአስማረ ጋር አንድ ላይ ያደገ፣ ከእኔ የባሰ እሳት የሆነ ሰው ነው።

"የጌጡ እናት ሞታለች። ዛሬ ትቀበራለች" አለኝ።

"እና?"

"መጥቷላ። ቃሬዛውን ተሸክሞ እየመጣ ነው።"

ክላሹን አነሣሁ። እናቴ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ታየኛለች። የት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም። መቀነቷን አጠበቀችና "በል፣ እግዜር ይርዳህ" አለችኝ። ይህን ስትል አሜን ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ገደል ሥር ያለች የሚካኤል ደብር ናት። ከኋላዋ ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ መግቢያዋም መውጫዋም ደጀ ሰላሙ ብቻ ነው። መቃብሩ ከቅጥሩ ውጭ ነው። እኔና ሙሉጌታ ከጥዱ ሥር አድፍጠን ተኛን። ጌጡ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ፂሙን አሳድጎ የእናቱን ሬሳ ሲያወርድ አየሁት። እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

"አፈሩ ይግባ፣ ከዚያ በኋላ" አልሁት ለሙሉጌታ።

"ለእሱ እናት ነው የምታዝነው?"

"አፈሩ ይግባ አልሁህ።"

አልታገሠም። አፈሩ ገና እየተመለሰ ሳለ ተኮሰ። ጥይቱ የጌጡን ቀኝ ክንድ በስቶት አለፈ፤ መቃብሩ አፍ ላይ ተንበረከከ። ቀባሪው ሁሉ እየተረጋገጠ ተበተነ፤ አካፋው እዚያው ቀረ፣ ጃንጥላው ተገልብጦ ይንከባለላል። እኔም ተነሥቼ ተኮስሁ፣ ሳትሁት። ጌጡ ተነሥቶ በደጀ ሰላሙ ዘልቆ ገባ። እኛ ዘንድ ደወሉ ድንጋይ ነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጠፍር ተንጠልጥሎ በድንጋይ ይመታል። የሚደማ እጁን እየጎተተ በሌላኛው ደወሉን መታው። መታው፣ መታው፣ እስኪደክመው መታው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የላስታ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደም ያለበት ሰው ገብቶ ደወሉን ከደወለ በታቦቱ ተማጽኗል፤ ከቅጥሩ እስካልወጣ ድረስ ማንም አይነካውም። መሣሪያ ይዞም ማንም አይገባም።

ወደ ደጀ ሰላሙ ሮጥሁ። ደፉ ላይ የንስሐ አባቴ መምሬ ውቤ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያሉ። መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው እግራቸውን በሩ ላይ ዘርግተዋል።

"ማነህ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ አባቴ፣ ደሳለኝ።"

"ተኳሹ አንተ ነህ?"

"እኔም ነኝ።"

"በል እንግዲህ እግሬን ተራምደህ ግባ።"

እንዴት ብዬ የንስሐ አባቴን እግር ልራመድ? ሙሉጌታ ከኋላዬ ደርሶ "ተራመዳቸዋ። ምን ትጠብቃለህ" ሲል ገፋሁት። ከውጭ ሆነን ለመጠበቅ ተስማማን። ሙሉጌታ ደጀ ሰላሙን ከላይ ከሚያይ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ እኔ ከመምሬ ውቤ ፊት ለፊት፣ ከደፉ ውጭ፣ ክላሼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ከውስጥ የጌጡ ማቃሰት ይሰማል። ውሃ የለውም፣ እንጀራ የለውም፣ ደም ይፈሰዋል። አንድ ቀን፣ ግፋ ቢል ሁለት ቀን ነው የሚችለው። ይወጣል። ሲወጣ እገድለዋለሁ። ልቤ ውስጥ የነበረው ይኸው ብቻ ነው።

ፀሐይ ከፍ አለች። መምሬ ውቤ በድንገት "ዕዳ አለብህ" አሉኝ።

"የምን ዕዳ?"

"በየቀኑ በዚህ ሰዓት አንድ ዲያቆን መጥቶ ያነብልኛል። በተኩሳችሁ ሸሽቶ ሄደ። አንተ አባረርኸው፣ አንተ አንብብልኝ።" ከጋቢያቸው ውስጥ ጠርዙ የተበላ የአማርኛ አዲስ ኪዳን አወጡ።

"አባቴ፣ አሁን የንባብ ሰዓት ነው?"

"ቁጭ ብለህ ሰው ለመግደል ጊዜ ካለህ ለንባብም አለህ።"

"ግእዙን በቃልዎ ያውቁት የለም እንዴ? አማርኛው ለምንዎ ነው?" አልኋቸው።

"ማወቁንማ አውቀዋለሁ። ከማወቄ የተነሣ አልሰማውም። አንተስ ዳዊቱን ትሰማዋለህ?" አሉና መጽሐፉን ዘረጉልኝ። "ማቴዎስ ነው። ትናንት ተራራው ላይ ወጥቶ ሲቀመጥ ነው ያቆምነው።"

ክላሹን ሳልለቅ በአንድ እጄ መጽሐፉን ገለጥሁ። እንደ ዳዊቱ አስሮጥሁት። "ቀስ በል፣ ማን ያባርርሃል?" አሉኝ። ቀስ አልሁ። የሚያዝኑትን፣ የዋሆችን፣ ሰላም የሚያደርጉትን አነበብሁ። ይህን ስንት ጊዜ በዜማ ብዬዋለሁ። በተራ አማርኛ፣ ሰው ለሰው እንደሚናገረው ሆኖ ሲወጣ ግን አፌ ውስጥ እንግዳ ሆነብኝ። ወረድ ስል ዓይኔ ቀድሞኝ አንድ ቦታ ላይ ወደቀ፤ ጠላትን ስለ መውደድ፣ ለሚያሳድዱም ስለ መጸለይ የሚናገረው ነው። ጆሮዬ ነደደ። ዘለልሁና ከታች ቀጠልሁ።

"አለፍህ" አሉኝ።

"ምኑን?"

"የምታውቀውን።"

"ዓይኔ ደክሞኛል አባቴ።"

"ዓይን የደከመውስ እኔ ነኝ።" ቀጥለውም "ማለዳ ማለዳ ምን ትጸልያለህ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ዳዊት።"

"የትኛውን?"

የንስሐ አባት አይዋሽም። ነገርኋቸው። ስሙን እያስገባሁ እንደምደግመውም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲህ ይህን ሁሉ ጊዜ የወልደ ገብርኤልን ስም ሳትጠራ ያደርህበት ቀን የለም" አሉ። "አሁን የቀበራት እናቱ እንኳ እንደ አንተ በየቀኑ አልጸለየችለትም ይሆናል። ስሙንስ እግዜር ፊት አድርሰሃል ልጄ። የተሳሳትኸው የምትለምነውን ነው።"

"አባቴ፣ ወንድሜን እኮ ነው የገደለው! ደሙ ትከሻዬ ላይ ፈስሷል!" ድምፄ ገደሉ ላይ ተመታና ተመለሰ። ከላይ ሙሉጌታ ብድግ ሲል አየሁት።

"አውቃለሁ። አስማረን ያጠመቅሁት እኔ ነኝ፤ የፈታሁትም እኔ ነኝ" አሉ መምሬ ውቤ። ዓይናቸው እንባ አለው። "ያለፍኸውን አንብብ አላልሁህም። ከቆምህበት ቀጥል።"

ቀጠልሁ። ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። ለምጻሙ ነጻ፣ ሽባው አልጋውን ተሸክሞ ሄደ፣ ማዕበሉ ጸጥ አለ። ሳይታወቀኝ ክላሹን መሬት ላይ አጋድሜ ገጹን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ይህን ታሪክ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ በዓሉን አውቃለሁ፣ ዜማውን አውቃለሁ፣ ሥዕሉን ሳልሳለም አላልፍም። ግን ከመነሻው ይዤ፣ ቀጥሎ ምን ሆነ እያልሁ ሄጄበት አላውቅም። ሲመሽ መምሬ ውቤ "ይበቃል" ሲሉኝ ተናደድሁ። ታሪኩ እንደተንጠለጠለ ነበርና።

ሌሊቱ ብርድ ብቻ ነበር። ሲነጋ የጌጡ ማቃሰት ቀጥኗል። "ውሃ፣ ስለ ሚካኤል፣ ውሃ" ይላል። በጎኔ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ አለኝ። መምሬ ውቤ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ጠበቁ። አልሰጠሁም። እሳቸውም አልለመኑኝም። "በል አንብብ" ብቻ አሉ።

ያን ማለዳ ሕማማቱን አነበብሁ። እኔ ሰሙነ ሕማማት በየዓመቱ ግንባሬ እስኪላጥ የሰገድሁ ሰው ነኝ። ወዳጁ እየሳመ አሳልፎ ሲሰጠው፣ አንዱ ሰይፍ መዝዞ የሰው ጆሮ ሲቆርጥና እሱ ሰይፍህን መልስ ሲለው፣ ፊቱ ላይ ሲተፉበት፣ በዘንግ ራሱን ሲመቱት፣ ሁሉንም በተራ አነበብሁ። ራሱን ሲመቱት የሚለው ላይ ስደርስ የአስማረ ራስ መጣብኝ። ሲያቅተኝ ቆይቶ አለቀስሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ደሙን ሳልመልስ ማልቀስ ነውር መስሎኝ። መምሬ ውቤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ መጨረሻውን አነበብሁ፤ መቃብሩ ባዶ መሆኑን፣ ከእናንተ ጋር ነኝ ያለውን።

መጽሐፉ ጉልበቴ ላይ ክፍት ሆኖ ቆየ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ ገጹን ወደ ኋላ ገለጥሁና ያለፍሁትን ቦታ አወጣሁ። ጮክ ብዬ አነበብሁት። መልአክ የሆንሁ እንዳይመስላችሁ። ያነበብሁት ጥርሴን ነክሼ ነው፤ ከማልፈልገው ሰው ጋር እንደምጨባበጥ ሆኜ ነው። ውሃውን ግን በደፉ ላይ ገፋ አድርጌ ለመምሬ ውቤ ሰጠኋቸው። በዳበሳ ይዘውት ገቡ።

ብዙም አልቆየም። ጌጡ ወጣ።

ከቅጥሩ ላይ ትልቅ ድንጋይ ነቅሎ አንገቱ ላይ ተሸክሟል፤ ደም ያለበት ሰው ሲማጸን እንደሚያደርገው። በአንድ እጁ ነው የያዘው፤ ሌላው በጨርቅ ታስሮ ጥቁር ሆኗል። መምሬ ውቤ ከኋላው ነጠላውን ይዘው "ልጄ፣ ቆይ፣ ሽማግሌ ይምጣ" ይሉታል። አልሰማቸውም። ደፉን ተሻግሮ እግሬ ሥር ተንበረከከ።

"ስታነብ ሰምቼሃለሁ" አለኝ። "የፈለግኸውን አድርግ። መሮጥ ደክሞኛል።"

ፊቱን ባየሁ ጊዜ ያነበብሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ክላሹን አነሣሁና በሰደፉ አፉን መታሁት። ጥርሶቹ ሲረግፉ ተሰማኝ፤ ድንጋዩ ተንከባልሎ በጀርባው ወደቀ። ላዩ ላይ ቆሜ አፈሙዙን ግንባሩ ላይ ደገንሁ። ከላይ ሙሉጌታ "በለው!" ይላል። ከመተኮሴ በፊት ያን የለመድሁትን እርግማን ልደግምበት ፈለግሁ፤ አንደኛውን ስሙን ጠርቼ ልጨርሰው።

"ወልደ ገብርኤል" አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አልመጣም። በየማለዳው እንደ ውሃ የሚፈስልኝ ግእዝ አፌ ላይ ደረቀ። በምትኩ የመጣው አሁን ያነበብሁት አማርኛ ነው፤ ጸልዩ የሚለው። ጌጡ በደም የተሞላ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ስሙ ከአፌ ወጥቷል፣ የሚቀጥለውን መምረጥ የእኔ ነው። "ወልደ ገብርኤልን ማረው" አልሁ። እግዜርን ነው ያልሁት፤ ግን አፈሙዙም አብሮ ወረደ።

ሙሉጌታ ከድንጋዩ ላይ ዘሎ ሲወርድ አየሁት። "አንተ ሴት! አስማረን ሸጥኸው!" እያለ መጣ። ክላሹን ወደ ጌጡ ዞር ሲያደርግ መሀል ገባሁ። በሰደፍ ደረቴን መታኝ፣ ጎድኔ ጓ ሲል ሰማሁት፣ አልለቀቅሁትም። አፈሙዙን በግራ እጄ ጨብጬ ወደ ሰማይ ልገፋው ስታገል ተኮሰ።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። እጄን አነሣሁና አየሁት፤ ትንሿ ጣትና ቀጥላ ያለችው የሉም። ደሙ ፊቴ ላይ ረጨ። ሙሉጌታ መሣሪያውን ጥሎ "ደሴ፣ ደሴ፣ ምን አደረግሁ" እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ሁሉ እሳት የት እንዳደረሰው እንጃ። የእጄን አንጓ ጠፍሮ ደሙን ያቆመልኝ ጌጡ ነው። በአንድ እጁና በቀሩት ጥርሶቹ ነጠላውን ቀድዶ አሰረኝ። ከእሱ አፍ የሚፈሰው ደምና ከእኔ እጅ የሚፈሰው ነጠላው ላይ ተቀላቀለ።

ወደ ሙጃ የተወሰድሁት በቃሬዛ ነው። የፊቱን እንጨት በአንድ ትከሻው የተሸከመው ጌጡ ነበር። ዳገቱ ላይ፣ አስማረ ትንፋሹ የቆመበት፣ ለምልክት ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ስንደርስ፣ ማንም ሳይነግረው ቆመ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከዚያ ሄድን።

ጣቢያው ሲከፈት ጌጡ በራሱ እግር ሄዶ እጁን ሰጠ፤ ተፈርዶበትም ታሰረ። ሙሉጌታ ሲያርስልኝ ከረመ፤ አሁንም ሲያየኝ ዓይኑ መጀመሪያ እጄ ላይ ነው የሚያርፈው።

እናቴ ግን ደሙን ሳልመልስ፣ ጣቴን አጥቼ ስመጣ፣ አላናገረችኝም። ራቴን ታቀርባለች፣ ትነሣለች። ጋቢው ግድግዳው ላይ ነው። አንድ ማለዳ "እማየ፣ ከትራስሽ ሥር ያለውን መጽሐፍ ስጪኝ" አልኋት። ሰው የታመመ መስሏት ደነገጠች። "ላነብበው ነው" ስላት ግራ እየተጋባች ጨርቁን ፈታች። ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። ከማቴዎስ መጀመሪያ ጀመርሁ። እሷ ጥጥ እየፈተለች፣ እንዳልሰማች ሆና ሰማች። በማግስቱም አነበብሁ። ቆይቶ ቆይቶ፣ ሳቆም "ከዚያስ?" አለችኝ። ይህች "ከዚያስ" ከአስማረ ሞት ወዲህ ከሰማሁት ነገር ሁሉ ይልቅ ደስ አሰኘችኝ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ዳዊታችሁን ተዉ፣ ዜማችሁን ተዉ እያልኋችሁ አይደለም። እኔም አልተውሁም፤ ይልቅ አሁን ስደግመው ምን እንደምል እሰማዋለሁ። ግን ከትራሳችሁ ሥር ያለውን መጽሐፍ አውጡት። ሲከፋችሁ ብቻ ሳይሆን በደህናው ቀን፣ እንደ ምሳችሁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አንብቡት። የምታልፉት ቦታ ይኖራል። እኔ ያለፍሁት ቦታ ላይ ነው ሃይማኖቴ የተቀመጠው፤ የክርስትናን ሀሁ የቆጠርሁት ያን ቀን ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ጢሜ ካደገ በኋላ ነው። ምን እንዳለፍሁ ለማወቅም እንኳ መግለጥ ነበረብኝ።

አሁንም ማለዳ ማለዳ ካነበብሁ በኋላ ስም እየጠራሁ እጸልያለሁ። አስማረን፣ እናቴን፣ መምሬ ውቤን፣ ሙሉጌታን፣ መጨረሻ ላይ ወልደ ገብርኤልን። እናቴ ለሁሉም አሜን ትላለች። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ቆይቶ አንድ ቀን እንዝርቷን አቆመች።

"ይኼ ወልደ ገብርኤል የምትለው ማነው? የላሊበላ ጓደኛህ ነው?"

መዋሸት ፈልጌ ነበር። "ጌጡ ነው እማየ" አልኋት።

እንዝርቷን አስቀምጣ ወጣች። በማግስቱ ለሌሎቹ አሜን አለች፣ ለእሱ ዝም አለች። በማግስቱም እንደዚያው። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። እኔም ስሙን ከመጥራት አልቀረሁም፣ እሷንም አልተጫንኋትም።

ከዚያ አንድ ቀን ከማሳ ስመለስ ግድግዳው ባዶ ነው። ደንግጬ ስፈልጋት ቦዩ ዳር አገኘኋት፤ አስማረ የወደቀበት ቦታ። እንዶድ ወቅጣ ጋቢውን እየረገጠች ታጥባለች። ዓይኗ አብጧል። ስታየኝ ጫፉን አነሣችና አሳየችኝ፤ ቡናማው ነገር አሁንም አለ።

"ሁሉም አልለቀቀም" አለችኝ። "ቢሆንም ታጥቧል። ና ያዝልኝ፣ እንጭመቀው።"

አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ጫፍ እኔ በቀሩኝ ጣቶች ይዘን ጨመቅነው።